«ከፍተኛ ጠቀሜታ ያለው» ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ «ያለው» የት ይገባል?

የፒያሳዋ ተርጓሚ (ደሴ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት አለኝ። ማመልከቻ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የፕሮጀክት ሐሳብ፣ የመጣውን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ የምጠይቃችሁ ነገር ሰባቱንም ዓመት ሳላውቀው የኖርኩትን ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ የሠራሁለትን ወረቀት ይዞ ተመለሰ። የምንጭ ማጎልበት ፕሮጀክት ነው። እንግሊዝኛ አፍ የፈታበት ሰው አንብቦ በቀይ እስክሪብቶ አርሞታል። ሁለት ገጽ ነው። አምስት ቦታ ተሰርዟል፤ አምስቱም ቦታ ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። አማርኛው «ለአካባቢው ኅብረተሰብ ከፍተኛ ጠቀሜታ ያለው ፕሮጀክት» ይላል። እኔ «ኤ ፕሮጀክት ዊች ሃዝ ኤ ሃይ ኢምፖርታንስ ፎር ዘ ሶሳይቲ» ብዬ ጻፍኩ። እሱ ከ«ፕሮጀክት» በኋላ ያለውን በሙሉ ሰርዞ፣ ከላዩ በደቃቅ ጽሕፈት «ኦቭ ግሬት ኢምፖርታንስ ቱ ዘ ሎካል ኮሚዩኒቲ» ብሎ ተካው።

«ዊች» ጠፋ። «ሃዝ» ጠፋ። ታዲያ «ያለው»ን ምን ተሸከመው? «ኦቭ» የእኛ «የ» ነው ብዬ ነው የማውቀው። «የትልቅ ጠቀሜታ ፕሮጀክት» ማለት ነው? በአማርኛ እንዲህ አይባልም።

ደንበኛዬ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ግን የሰው ወረቀት ነው። በዚህ ወረቀት አንድ ቀበሌ ውሃ ያገኛል ወይም ሳያገኝ ይቀራል። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የወልድያ መምህር

ልጄ፣ ሸጋ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው ጡረታ የወጣሁት። ይህን ነገር በየዓመቱ በየደብተሩ አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። «ዊች ሃዝ ግሬት ኢምፖርታንስ» ብትዪ ሰው ይረዳሻል፤ ሰዋስውም አይፈርስም። የሚፈርሰው «ኤ» ስትጨምሪበት ነው። «ኢምፖርታንስ» አይቆጠርም። አንድ ኢምፖርታንስ፣ ሁለት ኢምፖርታንስ የለም። «ሃይ»ን የሚጽፍ ሰው አይጠፋም፤ የተለመደው ግን «ግሬት» ነው።

አሁን ወደ «ኦቭ» እንምጣ። እንግሊዝኛ አንድ ነገር ይጠቅማል፣ ዋጋ አለው፣ ጥራት አለው ሲል «ኦቭ»ን ከረቂቅ ስም ጋር አጣምሮ ቅጽል ያደርገዋል። «ኦቭ ቫልዩ» ማለት «ቫልዩብል» ነው። «ኦቭ ዩዝ» ማለት «ዩስፉል» ነው። «ኦቭ ኖ ዩዝ» ማለት «ዩስለስ» ነው። ስለዚህ ይህ «ኦቭ» የባለቤትነት «የ» አይደለም። «ያለው» ራሱ ነው። አንቺ «ያለው»ን «ሃዝ» ውስጥ ስትፈልጊው እሱ «ኦቭ» ውስጥ ተቀምጧል።

«ዊች»ስ? ሙሉው አባባል «ኤ ፕሮጀክት ዊች ኢዝ ኦቭ ግሬት ኢምፖርታንስ» ነው። «ዊች ኢዝ»ን እዚህ ላይ መጣል ይቻላል፤ አራሚሽ ጣለው። ቢተወውም ልክ ነበር። ግን ልብ በይ፦ «ዊች ኢዝ» ነው፣ «ዊች ሃዝ ኦቭ» የሚባል ነገር የለም። ሁለቱን የሚደባልቅ ተማሪ ብዙ ነው።

ሌላም ልጨምር። በ«ኢምፖርታንት» ፊት «ቬሪ» ይገባል። በ«ኢምፖርታንስ» ፊት ግን አይገባም፤ ስም ነውና ቅጽል ይፈልጋል። «ኦቭ ቬሪ ኢምፖርታንስ» ስህተት ነው። «ኦቭ ግሬት»፣ «ኦቭ ሊትል»፣ «ኦቭ ሳም»፣ «ኦቭ ኖ»፣ «ኦቭ ቫይታል ኢምፖርታንስ»፣ ይህ ሁሉ ይሄዳል። ስትናገሪውም «ኦቭ» በይው፣ በ«ቭ»። «ኦፍ» ካልሽው በሁለት ኤፍ የሚጻፈው ሌላው ቃል ይሆናል።

ላሊበላ አስጎብኚ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔም ምስክር ልሁን።

እ.ኤ.አ. በ1972 የጸደቀው የዓለም ቅርስ ስምምነት አንቀጽ 1 ስለ ሐውልቶችና ስለ ሕንፃዎች ሲናገር እንዲህ ይላል፦ «ዊች አር ኦቭ አውትስታንዲንግ ዩኒቨርሳል ቫልዩ ፍሮም ዘ ፖይንት ኦቭ ቪው ኦቭ ሂስትሪ፣ አርት ኦር ሳይንስ»። ከታሪክ፣ ከጥበብ ወይም ከሳይንስ አንጻር ለዓለም ሁሉ የላቀ ዋጋ ያላቸው ማለት ነው። «ዊች አር ኦቭ» ነው ያለው፣ «ዊች ሃቭ» አላለም። 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 መዝገቡ ላይ የሰፈሩት በዚህ ሐረግ መለኪያ ነው። የሀገራችን ሰው የጠረበው ድንጋይ በዚች «ኦቭ» በኩል ነው ዓለም መዝገብ ውስጥ የገባው። ለዚህ ነው እኔ ሐረጉን በቃሌ የያዝኩት።

ሥራ ስጀምር ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሜ «ዚስ ቸርች ሃዝ ኤ ቢግ ቫልዩ» እል ነበር። አንዲት እንግዳ በቅንነት «የገንዘብ ዋጋ ማለትህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ቀን ገባኝ። «ሃዝ ኤ ቢግ ቫልዩ» ሲባል ጆሮዋ ውስጥ የገባው ብር ነው። አሁን «ኢት ኢዝ ኦቭ ግሬት ስፒሪቹዋል ቫልዩ ቱ አስ» እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ዋጋውን ጠይቆኝ አያውቅም።

ሪፖርት ጸሐፊ (ደሴ)

እኔ ትንሽ ልለያችሁ። በየወሩ እንግሊዝኛ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ የሌላም ሰው ሪፖርት አርማለሁ። «ኢምፖርታንት» የምትባል አንዲት ቃል እያለች ለምን ሦስት ቃል? «ዘ ስፕሪንግ ኢዝ ኢምፖርታንት ቱ ዘ ኮሚዩኒቲ» ብትል እህቴ ምን ይጎድላታል?

በየአንቀጹ «ኦቭ ግሬት ኢምፖርታንስ»፣ «ኦቭ ፓራማውንት ሲግኒፊካንስ» የሚል ሪፖርት ደርሶኝ ያውቃል። ስምንት ገጹን አንብቤ ምንጩ ስንት ሰው እንደሚያጠጣ አላገኘሁም። ሐረጉ የቁጥሩን ቦታ ወስዶበት ነበር። ይህ ነገር ያሳስበኛል። ለእህቴ የምመክራት አጭሩን እንድትይዝ ነው።

የወልድያ መምህር

ወንድሜ፣ ሐሳብህን እቀበለዋለሁ። አጭሩ ሲበቃ አጭሩ ይሻላል። «ቬሪ ኢምፖርታንት» ያለ ሰው አልተሳሳተም። ቁጥር ባለበት ደግሞ ቁጥሩ ይቅደም።

ግን አስጎብኚው የጠቀሰውን ተመልከተው። «አውትስታንዲንግ ዩኒቨርሳል ቫልዩ»ን በአንድ ቅጽል በለው እስኪ። «ዩኒቨርሳሊ ቫልዩብል»? አይሆንም፣ ነገሩ ይቀላል። «ኦቭ» የምትጠቅመው የጠቀሜታውን ዓይነት ለመናገር ስትፈልግ ነው። «ኦቭ ሂስቶሪካል ኢምፖርታንስ» የታሪክ ነው፣ «ኦቭ ኢኮኖሚክ ኢምፖርታንስ» የኢኮኖሚ ነው፣ «ኦቭ ሪሊጅየስ ሲግኒፊካንስ» የሃይማኖት ነው። ስሙ ፊት ባዶ ወንበር አለ፤ የፈለግከውን ቅጽል ታስቀምጥበታለህ። መጠኑንም እንዲሁ። «ኦቭ ሳም ዩዝ» ስትል ጥቂት ይጠቅማል ብለህ ለክተህ ሰጠህ። «ዩስፉል» ብቻውን ልክ የለውም።

ሪፖርት ጸሐፊ (ደሴ)

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ዓይነቱን ለመለየት ከሆነ እስማማለሁ። «ግሬት» ብቻዋን ከሆነች ግን አሁንም «ኢምፖርታንት»ን እመርጣለሁ።

ማትሪክ ተፈታኝ (ኮምቦልቻ)

ሰላም። 12ኛ ክፍል ነኝ። ጋሼ ያሉት ገባኝ። ግን ድርሰት ላይ «ማይ ማዘር ኢዝ ኦቭ ካይንድነስ» ብዬ ጽፌ ኤክስ ተደረገብኝ። «ካይንድነስ»ም ረቂቅ ስም ነው አይደል? ከየትኞቹ ጋር ነው የሚሄደው?

የወልድያ መምህር

አይዞህ ልጄ። ከ«ኢዝ» በኋላ ለብቻቸው ቆመው የሚሄዱት ብዙ አይደሉም። ኢምፖርታንስ፣ ሲግኒፊካንስ፣ ቫልዩ፣ ዩዝ፣ ሄልፕ፣ ቤነፊት፣ ኢንተረስት፣ ኳሊቲ፤ እነዚህን ያዝ። ሁሉም አንድ ነገር ለሰው ምን ያህል እንደሚረባ የሚለኩ ናቸው። ዕድሜ፣ መጠንና ቀለምም አሉ፤ «ዘይ አር ኦቭ ዘ ሴም ኤጅ» ይባላል፣ እኩያ ናቸው ለማለት።

የሰው ጠባይ ሲሆን ሌላ ነው። ከስም በኋላ ይገባል እንጂ ከ«ኢዝ» በኋላ ለብቻው አይቆምም። «ኤ ዉማን ኦቭ ከሬጅ» ልክ ነው። «ሺ ኢዝ ኦቭ ከሬጅ» ልክ አይደለም። እናትህን «ሺ ኢዝ ካይንድ» በላት፣ ይበቃታል። ከፍ ልታደርጋት ከፈለግህ «ሺ ኢዝ ኤ ዉማን ኦቭ ግሬት ካይንድነስ» በል።

የፒያሳዋ ተርጓሚ (ደሴ)

ጋሼ፣ ይህን ሳነብ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። በአማርኛም ለሰው ሲሆን «የ» እንላለን! «የቃሉ ሰው»። «የጸሎት ሰው»። «የቁም ነገር ሰው»። ያለ «ያለው» ይሄዳል። «ኤ ማን ኦቭ ሂዝ ወርድ» ማለት ቀጥታ «የቃሉ ሰው» አይደለም? ለዕቃና ለሥራ ሲሆን ነው ወደ «ያለው» የምንዞረው፦ ዋጋ ያለው፣ ጥራት ያለው፣ ጠቀሜታ ያለው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ኦቭ»ን ይዞ ይሄዳል። እኔ የምሳሳተው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። አምስቱን ስርዝ ደግሜ አየሁት፣ አምስቱም «ያለው» ነበሩ።

ሐይቅ ዳር

እህቴ፣ በልጅነቴ ሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ አብነት ትምህርት ቤት ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም። ግን ይህን «የ» በግዕዝ በኩል ብታዪው ይቀልሻል።

በአማርኛ አንዷ «የ» ሁለት ሥራ ትሠራለች። «የንጉሥ ቤት» ስትዪ የእንግሊዝኛው «ኦቭ» ናት። «የመጣ ሰው» ስትዪ ደግሞ «ሁ» ናት። ሁለቱም ከስሙ በፊት ይመጣሉ። ግዕዝም አንዲት «ዘ» ይዞ ሁለቱን ሥራ ይሠራል፣ ግን ከስሙ በኋላ ያመጣታል። «ቤት ዘንጉሥ»። «ብእሲ ዘመጽአ»። ቅደም ተከተሉ ልክ እንደ እንግሊዝኛው ነው፤ ስሙ ይቀድማል፣ መግለጫው ይከተላል።

አሁን «አቡነ ዘበሰማያት» በዪ። «አባታችን» ቀደመ፣ «ዘ» ተከተለች፣ ከዚያ «በሰማያት» መጣ። «የምትኖር» የሚል ግሥ የለም። አማርኛው ነው «በሰማያት የምትኖር» ብሎ ግሥ የሰጠው። እንግሊዝኛው የድሮው «አወር ፋዘር፣ ሁ አርት ኢን ሄቨን» ነበር፤ በአዲሱ «አወር ፋዘር ኢን ሄቨን» የሚሉ አሉ። «ሁ አርት» ወደቀ፣ ትርጉሙ ቀረ። ያንቺ አራሚ በ«ዊች ኢዝ» ላይ ያደረገው ይኸው ነው። ጠዋትና ማታ የምንደግመው ጸሎት ውስጥ ነው ያለው።

ባቲ ሰኞ

አሰላሙ አለይኩም ጀመዓ። ሐይቅ ዳር ስለ «ዘ» ሲያወራ እኔም መድረሳ የተማርኩት ትዝ አለኝ። በአረብኛም ስሙ ይቀድማል። ዋጋ ያለው ኪታብ ለማለት «ኪታቡን ዙ ቂማ» ይባላል። «ቂማ» ዋጋ ነው። «ዙ» የእኛ «ባለ» ናት፦ ባለዋጋ ኪታብ። ያች «ዙ» ከናንተ «ዘ» ጋር እህትማማች ትመስለኛለች።

አረብኛው ግን አንድ ነገር ላይ እንደ አማርኛ ነው። «ያነበብኩት ኪታብ» ስንል «ት» ወደ ኪታቡ ትመለሳለች። አረብኛውም «አል ኪታቡ ለዚ ቀረእቱሁ» ይላል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ሁ» ወደ ኪታቡ ትመለሳለች። ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋ ያደግን ሰዎች እንግሊዝኛ ስንናገር «ዘ ቡክ ዊች አይ ሬድ ኢት» እንላለን። እኔ ለዓመታት እንዲህ ብያለሁ። ያች «ኢት» ትርፍ ናት አሉ።

ሌላው ጥያቄዬ የሥራ ነው። ማር እሸጣለሁ። ዕቃው ላይ «ሃኒ ዊች ሃዝ ኤ ኳሊቲ» ብዬ አሳትሜያለሁ። ከላይ ያለውን ሳነብ ደነገጥኩ። ማሩ ግን ወላሂ ጥሩ ማር ነው። ምን ልበል?

የወልድያ መምህር

አብሽር ወንድሜ። ዕቃ ላይ ሲሆን አጭሩ ይበልጣል፦ «ሃይ ኳሊቲ ሃኒ»። በደብዳቤ ከሆነ «ሃኒ ኦቭ ሃይ ኳሊቲ»። «ኤ» አታስገባ። አንድ ለየት ያለ አለ፤ «ስታንዳርድ» ስትል «ኤ» ትመጣለች፣ «ኦቭ ኤ ሃይ ስታንዳርድ»፤ ምክንያቱም «ስታንዳርድ» ይቆጠራል። ያሁኑን እትም አትጣለው። የሚገዛህ ሰው ይረዳዋል። ሲያልቅ ቀይረው።

ስለ «ኢት» ያልከው ትልቅ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ «ዊች» ራሷ የዕቃውን ቦታ ይዛለች። «ኢት» ስትጨምር ሁለት ሰው አንድ ወንበር ላይ አስቀመጥክ። «የተወለድኩበት ቤት» ስንል «በት» አለች፤ ስለዚህ «ዘ ሃውስ ዊች አይ ዎዝ ቦርን ኢን ኢት» እንላለን። «ኢት» ትውጣ። «ዘ ሃውስ ዊች አይ ዎዝ ቦርን ኢን» ወይም «ዘ ሃውስ ዌር አይ ዎዝ ቦርን» ይበቃል።

ይቺው በሽታ «ዋጋው ከፍተኛ የሆነ መጽሐፍ» ስንል በሌላ መልክ ትመጣለች። «ዋጋው» ላይ ያለችው «ው» ታሳስተናለች። ተማሪ «ኤ ቡክ ዊች ኢትስ ቫልዩ ኢዝ ሃይ» ይላል። «ዊች ኢትስ» ሁለቱ ተጋብተው «ሁዝ» ይሆናሉ፦ «ኤ ቡክ ሁዝ ቫልዩ ኢዝ ሃይ»። «ሁዝ» ለሰው ብቻ ነው የሚል ትሰማላችሁ። ለዕቃም ይሆናል። ረዘም ያለውን የሚወድ «ኤ ቡክ ዘ ቫልዩ ኦቭ ዊች ኢዝ ሃይ» ይላል፤ ልክ ነው፣ ግን ከባድ ነው።

ማትሪክ ተፈታኝ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ አንድ ብቻ ልጨምር። «ዛት» እና «ዊች» ፈተና ላይ ይመጣሉ። ኮማውስ?

የወልድያ መምህር

ለዕቃ ሲሆን፣ ኮማ በሌለበት ሁለቱም ይሆናሉ። ከኮማ በኋላ «ዛት» አይገባም፣ «ዊች» ብቻ። ለሰው «ሁ» ያዝ።

ኮማው ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። «ኮምቦልቻ የሚኖረው ወንድሜ» ስትል አማርኛ ወንድምህ አንድ ይሁን ሦስት አይነግረኝም። በእንግሊዝኛ «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭዝ ኢን ኮምቦልቻ» ያለ ኮማ ከጻፍክ ሌላም ወንድም አለህ፤ የትኛው እንደሆነ እየለየህልኝ ነው። «ማይ ብራዘር፣ ሁ ሊቭዝ ኢን ኮምቦልቻ፣» ብለህ በኮማ ካጠርከው ወንድምህ እሱ ብቻ ነው፤ የሚኖርበትን እግረ መንገድህን ነገርከኝ። ተርጓሚዋም ልብ በይው። አማርኛው ውስጥ ስለሌለ ደንበኛሽን መጠየቅ አለብሽ።

የፒያሳዋ ተርጓሚ (ደሴ)

ጠየቅኩት ጋሼ። ዛሬ ከሰዓት ደወልኩለት። «ምንጩ አንድ ነው ወይስ ሌላም አለ?» አልኩት። አንድ ብቻ ነው አለኝ። አራት መንደር ከእሱ ይቀዳል፤ በጋ ላይ ሴቶቹ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተው ወረፋ ይይዛሉ አለ። ይህን በፊት አልነገረኝም ነበር፤ ወረቀቱም ላይ የለም። ሪፖርት ጸሐፊ ያልከው ትዝ አለኝና ከፈቃዱ ጋር አስገባሁት።

የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዲህ ቀየርኩት። እዩልኝ።

«ዘ ስፕሪንግ፣ ዊች ሰርቭዝ ፎር ቪሌጅስ፣ ኢዝ ኦቭ ኤ ግሬት ቫልዩ ቱ ዘ ሎካል ኮሚዩኒቲ። ኢን ዘ ድራይ ሲዝን ዉመን ጌት አፕ አት ስሪ ኢን ዘ ሞርኒንግ ቱ ዌይት ኢን ላይን።»

ሪፖርት ጸሐፊ (ደሴ)

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ነገረኝ። የመጀመሪያው ላይ «ግሬት ቫልዩ»ን ትተሽው ብትሄጂም ምንጩ ምን እንደሆነ ይገባኛል።

የወልድያ መምህር

እኔ ልተወው አልልም። ሰጪው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ኮማዎቹ ልክ ናቸው፤ ምንጩ አንድ ነውና። «ኢዝ ኦቭ» ልክ ነው። «ሰርቭዝ» ላይ ያለችውን «ዝ» አልረሳሻትም፣ ጎበዝ። ከ«ኦቭ» በኋላ ያለችውን «ኤ» ብቻ አውጪያት።

የፒያሳዋ ተርጓሚ (ደሴ)

አወጣኋት። ፕሪንት አድርጌዋለሁ። ደንበኛዬ ነገ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ይወስደዋል።